ውዳሴ ለጽኑው ሰንደቅ ያዥ

የጀግና ስም ሲነሣ ዝም ማለት ነውር ነው፤ ደግ የሠራን ሰው በወገንና በአገር ለይቶ ማመስገንም እንዲሁ። ስለዚህ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለባሕር ማዶው መኮንን፣ ለስኮትላንዱ የመኳንንት ልጅ፣ ለክሬሚያው ሰንደቅ ያዥ፣ ለቁስለኞች ጠበቃ፣ ለሮበርት ጀምስ ሎይድ ሊንድሴይ፣ በማዕረግ ስማቸው ለሎርድ ዎንቴጅ ነው። ጥይት ሲዘንብ ከቆሙበት ያልተነቃነቁ፣ 31 ዓመት በአንድ የምሕረት ሥራ ላይ የጸኑ፣ ከወዳጅ ቁስለኛ የባዕዱን ቁስለኛ ያላሳነሱ ታላቅ ሰው ናቸውና ውዳሴ ይገባቸዋል። ሞገስ ይገባቸዋል። ስማቸው በሩቅ አገር አንደበት መጠራት ይገባዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረ የእንግሊዝ መኮንን ስም ሲጠራ ልባችን የእንግሊዝ ጦር በዘመተበት በመቅደላ ላይ ይቆማል። ከዚያ አምባ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ የወረደውን ታቦት፣ የብራና መጽሐፍና ዘውድ፣ ከአባቱ ሬሳ ተለይቶ ባሕር የተሻገረውን ብላቴናውን ልዑል ዓለማየሁን ሳናስብ፣ የዚያን ጦር ልብስ የለበሰን ሰው ማመስገን ይከብደናል። ይህን አልሸሽግም፤ መሸሸግም አያሻም። ሎርድ ዎንቴጅ ግን በዚያ ዘመቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1868 እርሳቸው ከመደበኛው ጦር ተሰናብተው፣ የበርክሻየር አውራጃ የፓርላማ እንደራሴ ሆነው አገራቸው ነበሩ። እጃቸው ከኛ ሐዘን ንጹሕ ነው። ንጹሕ ባይሆን ይህን ውዳሴ ባልጻፍኩም ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እርሳቸው በኖሩበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱት በ1832 ነው። የሊንድሴይ ቤት በስኮትላንድ ስማቸው ከጥንት ጀምሮ ከሚጠራ የመሳፍንት ቤቶች አንዱ ነው። አባታቸው ሌተና ጄኔራል ሰር ጀምስ ሊንድሴይ ወታደር ነበሩ፤ እናታቸው የባለባንኩ የሰር ኩትስ ትሮተር ልጅ ነበሩ። በአባት ሰይፍ፣ በእናት ወርቅ ወረሱ። የእንግሊዝ መኳንንት ልጆቻቸውን በሚያስተምሩበት በኢተን ተምረው፣ በ18 ዓመታቸው በ1850 ስኮትስ ፉዚሊየር ጋርድስ ወደተባለው የንግሥቲቱ ክብር ዘበኛ ጦር ገቡ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ እንደነበር ይታወቃል። የጌታ ልጅ ሆኖ ወርቀ ዘቦ መልበስ፣ በለንደን አደባባይ ሰልፍ ማሳመር፣ ማታ ከወይዛዝርት ጋር መጨፈር የሚያስደንቅ ነገር አልነበረውም። አራት ዓመት ቆይቶ በአልማ ወንዝ ዳር የሆነውን ግን የትኛውም ባለጸጋ ሊገዛው አይችልም።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ሩሲያን በወጉበት በክሬሚያ ጦርነት፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1854 የእንግሊዙ አዛዥ የሎርድ ራግላን ጦር ወደ አልማ ወንዝ ደረሰ። በማዶ ያለው ዳገት በሩሲያው በልዑል ሜንሺኮቭ ወታደሮችና መድፎች ተሞልቷል። ወንዙን ሊሻገሩ የሚወርዱት በወይን ተክል መካከል ነበር፤ ቁጥቋጦውንና አጥሩን ሲዘሉ ሰልፋቸው ይፈታል፣ ውሃው ውስጥ የገባው ጭፍራ ይደባለቃል፣ ከላይ መድፍ ይወርድበታል። ቀድሞ የወጣው ክፍል የሩሲያን ትልቁን ምሽግ በደም ዋጋ ያዘ፤ ይዞ ግን ሊያቆየው አልቻለም። አጥቂው ሲመለስ፣ ቁልቁል የሚሮጠው ወታደር ሽቅብ በሚወጣው በክብር ዘበኛው ሰልፍ መካከል ገብቶ ተላተመ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ «ወደ ኋላ» የሚል ድምፅም ተሰማ ይባላል። የስኮትስ ፉዚሊየሮቹ መስመር መካከሉ ተበጠሰ። የለንደን አደባባይ ያጨበጨበላቸው እነዚያ ረጃጅም ወታደሮች ተገፍተው ወደ ወንዙ መንሸራተት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ውዳሴዬ ረገጥ ብሎ ይቁም። የ22 ዓመቱ ሊንድሴይ የንግሥቲቱን ሰንደቅ፣ ባለ ቀይ ሐሩን፣ ይዘዋል። ሰንደቅ የያዘ መኮንን በሁለት እጁ የያዘው እርሱን ብቻ ነው፤ ጠመንጃ አይተኩስም፣ ጎንበስ ብሎ አይደበቅም። የጠላት ተኳሽ ሁሉ የሚያነጣጥረው ወደዚያ ሐር ነው፤ ሰንደቁ ከወደቀ ጦሩ ልቡ ይወድቃልና። ጥይቱ ሐሩን በሳሳው። የሰንደቁ እንጨት በእጃቸው ውስጥ እንዳለ ተሰበረ። በዙሪያቸው ሰንደቁን ሊጠብቁ የቆሙት ሰዎች አንድ በአንድ ወደቁ። እርሳቸው ግን ከቆሙበት ስንዝር አልሸሹም። ሰንደቁን ሽቅብ አንሥተው፣ የፈረሰው ሰልፍ እንዲያያቸው ቆሙ። ሳጅን ማክኬክኒ ከጎናቸው ሆኖ፣ ሰንደቁን እያያችሁ ተሰለፉ፣ እርሱን ይዛችሁ ውጡ እያለ ጮኸ። የሸሸው ዘወር ሲል ቀዩን ሐር አየ። ያየው ተመለሰ። በመጨረሻም የክብር ዘበኛው ብርጌድ ዳገቱን ወጣ፤ ምሽጉም ተያዘ።

የጦር መሪዎች ታሪክ ሲጻፍ ድሉ ለጄኔራሎች ይሰጣል። እኔ ግን ድሉን እንጨቱ ከተሰበረው ሰንደቅ ሥር ለቆሙት እሰጣለሁ፤ ለሊንድሴይ፣ ለሳጅን ጀምስ ማክኬክኒ፣ ለሳጅን ጆን ኖክስ፣ ለተራው ወታደር ለዊልያም ሬይኖልድስ። አራቱም ኋላ አንድ ዓይነት መስቀል ተሸለሙ። የመስፍን ዘርና የተራ ወታደር ልጅ በአንድ ሰንደቅ ጥላ፣ በአንድ ኒሻን የተከበሩበት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ኢንከርማን መጣ። ኖቬምበር 5 ቀን 1854፣ ጉም ምድሩን ሸፍኖ ሰው ጎረቤቱን መለየት ባቃተበት ማለዳ፣ የሩሲያ ጦር በእንግሊዞቹ ሰፈር ላይ ወረደ። የዚያን ቀን ትእዛዝ የሚያስተላልፍ፣ ሰልፍ የሚያቀና አልነበረም፤ ሁሉም ባለበት በሳንጃ ተያያዘ። የክብር ዘበኛው ብርጌድ ከሰዎቹ ግማሽ ያህሉን ያጣበት ቀን ነው። ሊንድሴይ ጥቂት ሰዎች አስከትለው ሊከቧቸው በመጡ ሩሲያውያን ላይ ወረዱ፤ አንዱንም በገዛ ሰይፋቸው ጣሉ። ጀግንነታቸው በዚያ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ተመሰከረ።

ይህን ውጊያ ከዚህ በላይ አላስረዝመውም። ሎርድ ዎንቴጅን ከሌሎች ደፋር መኮንኖች የለያቸው ጥይቱ ጸጥ ካለ በኋላ ያዩት ነገር ነውና። ከኢንከርማን በኋላ በዘጠነኛው ቀን የክሬሚያ ማዕበል ባላክላቫ ወደብ አጠገብ መርከቦችን ሰባብሮ የብርድ ልብስና የሞቀ ካፖርት የጫነችውን «ፕሪንስ» የተባለችውን መርከብ አሰጠመ። ወታደሩ በጭቃ ውስጥ፣ በቀጭን የሰልፍ ልብስ ብርድ ገጠመው። ቁስለኛው በቃሬዛ እጥረት በሜዳ አደረ፤ ከዚያም በመርከብ ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ ወደ እስኩታሪ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ከጥይት የተረፈውን ሰው ቆሻሻው፣ ኮሌራውና ተቅማጡ ፈጀው። በዚያ ጦርነት ከሞቱት ከ20,000 የሚበልጡ የእንግሊዝ ወታደሮች ከአራቱ ሦስቱ እጅ የሞቱት በበሽታ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እስኩታሪ የደረሰችው በኢንከርማን ዋዜማ ነበር፤ እርሷም ብትሆን መጀመሪያ ያገኘችው መጥረጊያና ሳሙና የሌለበትን ቤት ነው። ወጣቱ መኮንን ያንን ብርድ በሰፈሩ አሳለፉት። አልማ ላይ አብረዋቸው የቆሙ ሰዎች በጥይት ሳይሆን በቸልታ ሲያልቁ አዩ። ጽናት ያለው ሰው ያየውን አይረሳምና፣ ያንን ነገር ለ16 ዓመት በልባቸው ያዙት።

በ1856 ንግሥት ቪክቶሪያ የቪክቶሪያ መስቀልን ሠራች፤ ከተማረከ መድፍ ነሐስ እንደተቀረጸ የሚነገርለት፣ ለመስፍንና ለተራ ወታደር እኩል የሚሰጥ የጀግንነት ኒሻን። ጁን 26 ቀን 1857 ለንደን በሃይድ ፓርክ 62 ጀግኖች ተሰለፉ። ንግሥቲቱ ከፈረስዋ ሳትወርድ ወደ እያንዳንዳቸው ጎንበስ እያለች መስቀሉን በደረታቸው ላይ በገዛ እጇ ሰካች። ከነዚያ 62 ሰዎች አንዱ ሊንድሴይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የዌልስ ልዑል ባለሟል ሆኑ፤ በዚያው ዓመትም በእንግሊዝ እጅግ ባለጸጋ ከሚባሉት ባለባንኮች አንዱ የነበሩትን የሎርድ ኦቨርስቶንን አንዲት ልጅ ወይዘሮ ሐሪየትን አገቡ። የቤተሰብ ስማቸው ሎይድ ሊንድሴይ የተባለውም ከዚያ ወዲህ ነው። አማቻቸው በበርክሻየር ያለውን የሎኪንጅ ርስት ለሙሽሮቹ ሰጧቸው። ወይዘሮ ሐሪየትን ደግሜ እጠቅሳቸዋለሁ፤ የባላቸው ሥራ ግማሹ የእርሳቸው ነውና ውዳሴውም ለሁለቱ ይድረስ።

አሁን ወደ 1870 እንሂድ። ከዚያ ዓመት የሚበልጥ ዓመት በሎርድ ዎንቴጅ ሕይወት የለም፤ አልማም አይበልጠው። ጁላይ 19 ቀን ፈረንሳይ በፕሩሲያ ላይ ጦርነት አወጀች። በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 22፣ በታይምስ ጋዜጣ ላይ አንድ ደብዳቤ ወጣ። ጸሐፊው ኮሎኔል ሎይድ ሊንድሴይ ነበሩ። አሳባቸው ግልጽ ነበር፦ በጄኔቫ በ1864 የተፈረመውን የቁስለኞች ስምምነት መንግሥታችን ተቀብሏል፤ በአህጉሩ አገሮች የእርዳታ ማኅበራት ተቋቁመዋል፤ እኛ ግን የለንም፤ እናቋቁም፤ እኔ ከራሴ 1,000 ፓውንድ እሰጣለሁ። የመንግሥት ትእዛዝ አልጠበቁም፤ ኮሚቴ ተሰብስቦ ስም እስኪያወጣም አልቆዩም። ያን ጊዜ 1,000 ፓውንድ የድሃ ቤተሰብ ዕድሜ ልክ የማያየው ገንዘብ ነው። መጀመሪያ የገዛ ኪሳቸውን ፈትተው ከዚያ ለሕዝብ ተናገሩ። ንግግራቸው የተሰማውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኦገስት 4 ቀን በለንደን ዊሊስ ሩምስ በተባለው አዳራሽ ስብሰባ ተደርጎ ኋላ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የተባለው፣ የቆሰሉና የታመሙ ወታደሮች ብሔራዊ መርጃ ማኅበር ተመሠረተ። ሊቀ መንበሩ እርሳቸው ሆኑ። ንግሥቲቱ የበላይ ጠባቂ ሆነች፤ ልጅዋ ልዕልት ሔለና በሴቶቹ በኩል ሥራውን ያዘች። ከዚያ ወዲያ የሆነው የሚያስገርም ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ በፋሻ፣ በብርድ ልብስ፣ በመድኃኒት፣ በወይንና በሥጋ መረቅ ሣጥን ተሞላ። ሴቶች አንሶላ እየቀደዱ ፋሻ አደረጉ። የሠራተኛ ሰፈር ሳንቲም ከጌቶች ወርቅ ጋር ተዳመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ በጥሬ ገንዘብና በዕቃ ወደ 300,000 ፓውንድ የሚጠጋ ተሰበሰበ። ቀዶ ጥገና ሐኪሞች፣ አስታማሚዎችና የአምቡላንስ ጋሪዎች ባሕሩን ተሻግረው ወደ ጦር ሜዳው ሄዱ።

የወገናቸው ልብ ግን በሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዳንዱ ፈረንሳይን ይወዳል፤ አንዳንዱ ጀርመንን። ንጉሣዊው ቤት ራሱ በጋብቻ ከፕሩሲያ ጋር የተሳሰረ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱን ወገን እኩል እረዳለሁ ማለት ከሁለቱም ዘንድ ጥርጥር ማትረፍ ነው። ሎይድ ሊንድሴይ ግን ይህን በቃል ብቻ አልተውትም፤ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። በኦክቶበር 1870፣ የጀርመን ጦር ፓሪስን ከብቦ ዋና ሰፈሩን በቬርሳይ ባደረገበት ወር፣ 40,000 ፓውንድ ይዘው ተነሡ። ከዚያ 20,000ውን ለጀርመን ቁስለኞች በቬርሳይ አስረከቡ። 20,000ውን ይዘው የጦር መስመሩን አልፈው ወደተከበበችው ከተማ ገቡ፤ ሕዝቧ የፈረስ ሥጋ መብላት ወደጀመረባት ፓሪስ፤ ለፈረንሳይ ቁስለኞችም ሰጡ። ሁለት ጦር በሚተያይበት መካከል ያልፋሉ፤ በእጃቸው ያለው ግን መሣሪያ አይደለም።

ሎርድ ዎንቴጅ ሆይ! አልማ ላይ የቆሙበትን ስንዝር መሬት የሚያወድስ ብዙ ነው፤ እኔም አወድሳለሁ። ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ የተጓዙበትን መንገድ ግን ከዚያ አብልጬ አወድሰዋለሁ። አልማ ላይ ንግሥትዎ፣ ክብርዎ፣ ጓደኞችዎ ከኋላዎ ነበሩ። በዚያ መንገድ ላይ ግን ከኋላዎ የነበረው በክሬሚያ ጭቃ ያዩት ያ ሐዘን ብቻ ነበር። ለወገንዎ መቆም ደፋር አሰኘዎት። ለሁሉም መቆም ግን ታላቅ አደረገዎት!

የሚደነቀው ሌላው ነገር፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ማኅበሩን አለማፍረሳቸው ነው። ብዙ ሰው አደጋ ሲመጣ ይነሣል፤ አደጋው ሲያልፍ ወደ ቤቱ ይገባል። እርሳቸው የተረፈውን ገንዘብ ጠብቀው፣ ማኅበሩን በሊቀ መንበርነት እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩ። በ1876 ሰርቢያና ቱርክ ሲዋጉ ራሳቸው ወደ ሰርቢያ ሄደው እርዳታውን አደራጁ። ከዚያም በቱርክና በሩሲያ ጦርነት፣ በግብፅና በሱዳን በነበሩት ዘመቻዎች ማኅበሩ ቁስለኛውን ደረሰለት። በመጨረሻም በደቡብ አፍሪካ የቦየር ጦርነት ሲነሣ፣ 67 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ «ፕሪንሰስ ኦቭ ዌልስ» የተባለችውን የሆስፒታል መርከብና «ፕሪንሰስ ክርስቲያን» የተባለውን የሆስፒታል ባቡር ለማሰናዳት ደፋ ቀና ሲሉ ይታያሉ። ከ1870 እስከ 1901 ድረስ አንድ ወንበር፣ አንድ ሥራ። ይህ ጽናት ከሰንደቁ ጽናት ጋር አንድ ነው። በቅጽበት መቆም ከተፈጥሮ ይመጣል ብንል እንኳ፣ 31 ዓመት መቆም ግን በየቀኑ እንደገና መወሰን ይጠይቃል።

ስለ ፓርላማቸው አላበዛም። ለ20 ዓመት፣ ከ1865 እስከ 1885፣ የበርክሻየር እንደራሴ ነበሩ፤ ከ1877 እስከ 1880 በጦር ሚኒስቴር የገንዘብ ጉዳይ ጸሐፊ ሆነው ሠሩ፤ በ1885 ባሮን ዎንቴጅ ተባሉ። ማዕረጉ ይገባቸው ነበር፤ ታላቅነታቸውን ግን ማዕረጉ አልጨመረላቸውም።

ሎኪንጅን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የርስታቸው ስፋት ከ20,000 ኤከር በላይ ነበር፤ አርዲንግተንና ሎኪንጅ የተባሉት መንደሮች በዚያው ርስት ውስጥ ናቸው። በዚያ ዘመን ባላባት ሁሉ ግብሩን ተቀብሎ ለንደን የሚቀመጥበት ጊዜ ነው፤ የገበሬው ጎጆ ቢያፈስስ ግድ የለውም። ሎይድ ሊንድሴይና ወይዘሮ ሐሪየት ግን የመንደሮቹን ቤቶች እንደገና አሠሩ፤ ለየቤቱ የጓሮ አትክልት ቦታ ሰጡ፤ ትምህርት ቤቱንና የኅብረት ሱቁን አቆሙ። ከአሜሪካ በመርከብ የሚመጣው ርካሽ ስንዴ የእንግሊዝን ገበሬ ባደኸየ ጊዜ፣ ጭሰኞች እርሻቸውን እየተዉ ሲሄዱ፣ እርሳቸው የተተወውን መሬት ራሳቸው ይዘው አሳረሱ፤ ሥራ ያጣ ሰው ሥራ አገኘ። ከእርሻው ትርፍ ላይም ለሠራተኛው ድርሻ ያወጡ ነበር። በዎንቴጅ ከተማ አደባባይ የቆመውን የንጉሥ አልፍሬድን ሐውልት ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው፤ በ1877 የዌልስ ልዑል መረቀው። ያ ጥንታዊ ንጉሥ በዚያች ከተማ ተወልዷልና ከተማይቱ አባቷን እንድታውቅ ፈለጉ።

ከነዚህ ሁሉ አንዱን ተግባር ለይቼ እወደዋለሁ። ሉዊ ዊልያም ዴሳንጅ የተባለው ሠዓሊ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸላሚዎችን ጀግንነት በተከታታይ ሥዕሎች ሥሎ ነበር። ሎርድ ዎንቴጅ እነዚያን ሥዕሎች ገዝተው በ1900 ለዎንቴጅ ሕዝብ ሰጡ፤ በከተማውም የቪክቶሪያ መስቀል ጋለሪ ተከፈተ። በነዚያ ሸራዎች ላይ የእርሳቸው መልክ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት የሌሎች ናቸው፤ የሳጅኖች፣ የተራ ወታደሮች፣ የባሕር ኃይል ሰዎች። አንድ ባላባት የራሱን ምስል በአዳራሹ መስቀል ይችላል፤ እርሳቸው ግን የጓደኞቻቸውን ጀግንነት የገበያተኛው ልጅ ሁሉ እንዲያየው አደባባይ አወጡት። በቀድሞው ዓመት፣ በ1899፣ በጦር ሜዳ ሥዕሎቿ የታወቀችው ሌዲ በትለርም አልማ ላይ ሰንደቁን ይዘው የቆሙትን ወጣት ሥላ ነበር።

ኋላ ጤናቸው ደከመ። ጁን 10 ቀን 1901 በሎኪንጅ ዐረፉ። ወይዘሮ ሐሪየት በጥንታዊው የሪጅዌይ ጎዳና ላይ፣ ርስቱን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ፣ የድንጋይ መስቀል አቆሙላቸው፤ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው በ1907 አሳተሙ፤ በ1908 ደግሞ በሬዲንግ ዎንቴጅ ሆል የተባለውን የተማሪዎች ማደሪያ በስማቸው አሠሩ። ሐዘናቸውን ለሌላው ሰው ልጆች ማደሪያ አድርገው የወጡ እመቤት ናቸው።

የዘሩት ዘር ወደ እኛም አገር ደርሷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጣሊያን ወረራ በደጅ ነበር። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራ የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን ቀይ መስቀሉን ይዞ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በኮረም የኢትዮጵያ ቁስለኞችን ሲያክም፣ የምሕረቱ ምልክት ለአውሮፕላን እንዲታይ ተዘርግቶ ሳለ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቡት። ዶክተር ሜሊም ኋላ አዲስ አበባ በተዘረፈችበት ቀን ቁስለኛ ሊረዱ ሲወርዱ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ሎርድ ዎንቴጅ እነዚህን ሰዎች አላወቋቸውም። በ1870 በለንደን አዳራሽ ያጸኑት ሥርዓት ግን፣ የቆሰለ ሰው የማንም ይሁን የማን ይደረስለት የሚለው፣ እነርሱን አምባና ገደል አስወጥቷቸዋል። ከመቅደላ በወረደው ጦርና ወደ ኮረም በወጣው አምቡላንስ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው፤ ያንን ርቀት ካጠበቡት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው ብዬ እመሰክራለሁ።

ልጅ አልነበራቸውምና የዎንቴጅ ባሮንነት ከእርሳቸው ጋር አበቃ። ማኅበራቸው ግን በ1905 የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚለውን ስም ይዞ፣ በ1908 የንጉሥ ቻርተር ተቀብሎ፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በከተማህ ባለው ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ግባ፤ አባል ሁን፤ ደምህን ለግስ፤ ስትለግስም ለማን እንደሚደርስ አትጠይቅ።